በውስጤ የሚያወራው ማነው? ስለ ዛሬው የሩሲያ ድኅረ ዘመናዊ ልብ ወለድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍ በጻፍኩ ቁጥር ጥያቄ ይመጣልኛል። ስለ ዶስቶየቭስኪ አይደለም፤ እሱን ብዙ ሰው አንብቦታል። የሚጠይቁኝ ስለ ዛሬዎቹ ደራሲዎች፣ ስለ ፔሌቪን፣ ስለ ሶሮኪን፣ ስለ ቶልስታያ ነው። አንዱ መጽሐፉን ጀምሮ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ጥሎታል። ሌላዋ ጨርሳው «አሁን ምን ነበር ያነበብኩት?» ትላለች። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እንደምችለው መለስኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ድኅረ ዘመናዊ» ማለት ምንድነው? ቃሉ ራሱ ያስፈራኛል።

አያስፈራችሁ። የተለመደ ልብ ወለድ ስናነብ ተራኪውን እናምነዋለን። «ዘነበ» ካለ ዘነበ። በድኅረ ዘመናዊ ልብ ወለድ ግን «ዘነበ» የሚለው ማነው? ቃሉን ከየት አመጣው? ከጋዜጣ ነው፣ ከማስታወቂያ ነው፣ ከድሮ ልብ ወለድ ነው? ብለን እንድንጠይቅ እንገደዳለን። ደራሲው የሰው ቃል፣ መፈክር፣ ቀልድ፣ የቢሮ ደብዳቤ እያነሳ አንድ ላይ ይሰፋል፤ ስፌቱንም አይደብቅም። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ይህ ነገር ከምዕራቡ ዓለም የተቀዳ አይደለም? ሩሲያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ አልስማማም። ሩሲያ ውስጥ በሌላ በር ነው የገባው።

በ1932 ስታሊን ደራሲዎችን «የሰው ነፍስ መሐንዲሶች» ብሎ ጠራቸው። በ1934 የሶቪየት ደራሲያን የመጀመሪያ ጉባኤ ተደረገና ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት ይፋዊ የአጻጻፍ መንገድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደራሲ የሚጠበቅበት ያለውን ሳይሆን ሊሆን የሚገባውን መጻፍ ነው። ጋዜጣው ስለ ሞላ ጎተራ ያወራል፤ ሱቁ ባዶ ነው። ሰው ስብሰባ ላይ በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ማታ ኩሽና ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በሌላ ቋንቋ ያወራል፣ ልጁ ደግሞ ሁለቱንም እየሰማ ያድጋል፣ የትኛው የትኛው ቦታ እንደሚነገርም ሳይነገረው ይማራል። ይህ በትውልዶች ላይ ቀጠለ። ሚኻይል ኤፕሽታይን የተባለው ሃያሲ የሩሲያ ድኅረ ዘመናዊነት ሥሩ እዚህ ነው ብሎ ይከራከራል። ቃሉ ነገሩን ተክቶ ነበር። ደራሲዎቹ ንድፈ ሐሳብ ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ መስኮት ከፍተው መፈክሩን ማየት ይበቃቸው ነበር።

ለኛ ይህ ሩቅ አይደለም። ከ1974 በኋላ ወደ አማርኛ የገባውን ቋንቋ አስታውሱ፦ «ጓድ»፣ «አድኃሪ»፣ «ሰፊው ሕዝብ»፣ «የፖለቲካ ንቃት»። ብዙው ከሶቪየት መጻሕፍት የመጣ ነው። ሞስኮ ያለው ፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በአማርኛም ያትም ነበር። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው የስብሰባ ድምፅና የጓዳ ድምፅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል። እነዚህን ልብ ወለዶች ሲያነብም ከብዙ ምዕራባዊ አንባቢ ቀድሞ ይገቡታል ብዬ ነው የማምነው።

በጽሑፎችህ የምትደጋግመው «ንቃተ ኅሊና» ምን ማለት ነው? ስለ ጥሩና መጥፎ የሚነግረን ኅሊና ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አማርኛው ራሱ ያምታታል። «ኅሊና» ከግዕዙ «ኀለየ» ነው፤ አሰበ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብም ነው፣ ወቃሽም ነው። የሩሲያኛው ቃል «ሶዝናኒዬ» ነው። ቃል በቃል ቢፈታ «አብሮ ማወቅ» ነው። ከማን ጋር አብሮ? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጀምረው።

ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1934 «ሐሳብና ንግግር» የሚል መጽሐፍ ወጣለት፤ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ሕፃን መጀመሪያ የሚናገረው ለሌላ ሰው ነው ይላል። ቀጥሎ ብቻውን ሲጫወት ጮክ ብሎ ለራሱ ያወራል። ከዚያ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሐሳብም ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። በውስጤ የሚያወራው ድምፅ መጀመሪያ የእናቴ፣ የጎረቤቴ፣ የሬዲዮ ድምፅ ነበር ማለት ነው። ሬዲዮው ዕድሜ ልኩን ውሸት ሲያወራ ከነበረስ? የነዚህ ደራሲዎች ሁሉ ጥያቄ በእኔ ንባብ ይሄ ነው። ቀልዱም፣ ጸያፉም፣ ቅዠቱም ከዚህ ጥያቄ ይነሳል።

ሶሮኪን ለምን እንዲህ ያጸይፋል? ዝም ብሎ ለማስደንገጥ አይደለም?

እኔም መጀመሪያ ሳነበው ዘግቼ አስቀምጬው ነበር። ሆዴ አልቻለም። ተመልሼ የያዝኩት ከዓመት በኋላ ነው።

ቭላድሚር ሶሮኪን በ1955 ተወለደ። የተማረው የነዳጅና የጋዝ ምህንድስና ነው። ቀጥሎ የመጻሕፍት ሥዕል ይሠራ ነበር፤ በዚያው በሞስኮ በድብቅ ይሠሩ ከነበሩት ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ጋር ገጠመ። እነ ኢሊያ ካባኮቭ፣ እነ ዲሚትሪ ፕሪጎቭ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች መፈክርን እንደ ዕቃ ነበር የሚይዙት። ያገላብጡታል፣ ይመዝኑታል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ሶሮኪን ያንኑ በስድ ንባብ አደረገው።

«ወረፋ» የሚለው ልብ ወለዱ በ1985 ፓሪስ ውስጥ ታተመ፤ አገሩ ውስጥ ማን ያትምለታል። መጽሐፉ ተራኪ የለውም። ከዳር እስከ ዳር ሰልፍ የያዙ ሰዎች የሚናገሩት ብቻ ነው። ማን እንደተናገረ እንኳ አይጻፍም። ምን ለመግዛት እንደተሰለፉም በቅጡ አይታወቅም። የስም ጥሪ ሲደረግ ገጾቹ በስም ዝርዝር ይሞላሉ። ዋናው ሰውዬ ሲተኛ ገጹ ባዶ ነው! ሰው በተናገረበት ቅጽበት ብቻ ይኖራል፣ ዝም ካለ የለም። በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆመ ሰው ይህን መጽሐፍ ማስረዳት አያስፈልገውም።

«ኖርማ» ውስጥ ደግሞ ከገጠር ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ አለ። መጀመሪያ ስለ አትክልቱና ስለ ቤቱ ጥገና በጨዋ ቋንቋ ይጽፋል። ቀስ እያለ ቅሬታ ይገባበታል። ቅሬታው ስድብ ይሆናል፣ ስድቡ የተሰባበረ ቃል ይሆናል፣ በመጨረሻ ገጹን የሚሞላው አንድ ፊደል ብቻ ነው፦ አአአአአ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ይወስደዋል። ለእኔ በሶቪየት ዘመን ከተጻፉት ሁሉ በጣም የሚያሳዝነው ገጽ ነው። ዕድሜ ልኩን በተሰጠው ቃል የተናገረ ሰው የራሱን ብሶት መናገር ሲፈልግ የራሱ ቃል የለውም።

«ሮማን»ም አለ። ሮማን የሰው ስም ነው፤ በሩሲያኛ «ልብ ወለድ» ማለትም ነው። መጽሐፉ እንደ 19ኛው መቶ ዘመን የባላገር ቤት ታሪክ ይጀምራል፤ አደን፣ ሻይ፣ ፍቅር፣ ሰርግ። ከሰርጉ በኋላ ሙሽራው መጥረቢያ ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ፣ እየደረቁ፣ አንዱ አንዱን እየደገመ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ሮማን ሞተ» ነው። ሰውዬውም ሞተ፣ ልብ ወለዱም ሞተ።

ስለዚህ ለማስደንገጥ ነው ወይ? ያስደነግጣል፣ አልክድም። ግን ይፋዊው ቋንቋ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሥጋን፣ ደምን፣ እስር ቤትን ደብቆ ኖሯል። ሶሮኪን ያንን ቋንቋ አስመስሎ ይጽፍና የደበቀው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲፈስ ያደርጋል። ለዚህ ነው የሚያቅለሸልሸው። ልጆች ባሉበት ቤት ግን መጽሐፉን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

መጽሐፉን ሽንት ቤት ጣሉት የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ከጥቂት ነገር በቀር። በ2002 «አብረው የሚጓዙ» የሚባል መንግሥትን የሚደግፍ የወጣቶች ቡድን ሞስኮ ቦልሾይ ቴአትር አጠገብ የሽንት ቤት መቀመጫ ቅርጽ ሠርቶ የሶሮኪንን መጻሕፍት ጨመረበት። «ሰማያዊ ጮማ» በተባለው የ1999 ልብ ወለዱ የተነሳም የብልግና ጽሑፍ ክስ ተከፍቶበት ነበር፤ በኋላ ተዘጋ። መጽሐፉ ውስጥ የታላላቅ ሩሲያውያን ደራሲዎች ግልባጭ ፍጥረታት አሉ። ቶልስቶይ ቁጥር 4፣ ቼኾቭ ቁጥር 3፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ በዚያ ደራሲ ስልት ይጽፋል። ሲጽፉ ሰውነታቸው ላይ ሰማያዊ ጮማ ይጠራቀማል፤ የሚፈለገውም ጮማው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ክሱን ያቀረቡት ሰዎች ያዩት ወሲቡን ነው። መጽሐፉ ግን አገሪቱ ደራሲዎቿን ምን እንዳደረገቻቸው ነው የሚጠይቀው።

ፔሌቪን ቡድሂስት ነው? መጽሐፎቹ ስብከት ናቸው?

ስብከት አይደሉም። ቡድሂዝምን ግን ከልቡ ይወስደዋል።

ቪክቶር ፔሌቪን በ1962 ሞስኮ ተወለደ። እሱም መሐንዲስ ነው፤ የኃይል ምህንድስና ተማረ። ለረጅም ዓመታት በአደባባይ አልታየም፤ መጽሐፉ ይወጣል፣ እሱ አይወጣም። በጣም የሚታወቀው ሥራው «ቻፓዬቭና ባዶነት» በ1996 ታተመ። ቻፓዬቭ ከአብዮቱ በኋላ የተደረገው የሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ጀግና ነው። በ1934 ፊልም ተሠራለትና አገር ሁሉ አወቀው። ከዚያ ሕዝቡ በሱና በረዳቱ በፔትካ ስም መቶ ሺህ ቀልድ ፈጠረ፤ እኛ በአለቃ ገብረ ሃና ስም እንደምንቀልደው ማለት ነው። ፔሌቪን ያንን የቀልድ ፔትካ አንስቶ «ፒዮትር ባዶነት» የሚባል ገጣሚ አደረገው። ባዶነት የቤተሰብ ስሙ ነው። ይህ ሰው አንዴ ጦርነቱ ውስጥ ከቻፓዬቭ ጋር ነው፤ ሲተኛ በ1990ዎቹ ሞስኮ ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታል በሽተኛ ሆኖ ይነቃል፤ እዚያ ሲተኛ ደግሞ ተመልሶ ጦርነቱ ውስጥ ነው። የትኛው ሕልም ነው? መጽሐፉ አይፈርድም።

አንድ ቦታ ላይ ቻፓዬቭ ይጠይቀዋል። ንቃተ ኅሊናህ የት ነው? ጭንቅላቴ ውስጥ። ጭንቅላትህስ? ትከሻዬ ላይ። ትከሻህስ? ክፍሉ ውስጥ። ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ ቤቱ ሩሲያ ውስጥ፣ ሩሲያ ምድር ላይ፣ ምድር ሕዋ ውስጥ። ሕዋስ የት ነው? እዚህ ሲደርስ ንቃተ ኅሊናዬ ውስጥ ከማለት ሌላ መልስ የለውም። እንግዲያ ንቃተ ኅሊናህ ንቃተ ኅሊናህ ውስጥ ነው ማለት ነው? ይለዋል። በራሴ አባባል ነው የጻፍኩት፤ ልውውጡ ግን ይኸው ነው። ቀልድ ይመስላል። ቃላቱን ብታዩ ግን እያንዳንዱ መልስ ከትምህርት ቤት የተማርነው ትክክለኛ መልስ ነው። ትክክለኛ ቃላት ተሰልፈው ገደል አፋፍ አደረሱን።

መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ አትርሱ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። ሰው ማታ አንድ አገር ውስጥ ተኝቶ ጠዋት ሌላ አገር ውስጥ ነቃ። ታሪኩ፣ ገንዘቡ፣ የመንገዱ ስም ሁሉ ተቀየረ። «እኔ ማነኝ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የፍልስፍና ቅንጦት አልነበረም።

«ትውልድ ፒ»ስ? ስለ ማስታወቂያ ነው አይደል?

ስለ ማስታወቂያ ነው፤ በ1999 ወጣ። ዋናው ሰውዬ ቫቪሌን ታታርስኪ ገጣሚ ለመሆን የተማረ ነው። የሶቪየት ሕዝቦችን ግጥም እየተረጎመ ሊኖር፣ ለዘላለም የሚሆን ነገር ሊጽፍ አስቦ ነበር። አገሪቱ ስትፈርስ ዘላለሙም አብሮ ጠፋ። ኪዮስክ ውስጥ ሲጋራ ሸጠ። ከዚያ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛው ወደ ማስታወቂያ ሥራ ወሰደው። የገጣሚነት ችሎታው አልጠፋም፤ ደንበኛው ተቀየረ እንጂ። ድሮ መፈክር የነበረው አሁን የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ሆነ። የውጭ ቃላት ጎርፍ ገባ፤ ታታርስኪ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ ድምፅ እየተጫወተ ይኖራል።

መጽሐፉ ውስጥ በመንፈስ ጥሪ የመጣ የቼ ጉቬራ ድምፅ ስለ ቴሌቪዥን ረጅም ትንተና ይሰጣል። እኛ ቻናል የምንቀይር ይመስለናል፤ ቴሌቪዥኑ ነው እኛን የሚቀይረን። ካሜራው ከዚህ ወደዚያ በዘለለ ቁጥር የተመልካቹ ትኩረት አብሮ ይዘላል፣ ያ ትኩረት ደግሞ እኔ የምንለው ነገር ነው። ይህ ከስማርት ስልክ በፊት ነው የተጻፈው። ዛሬ በጣቴ አጫጭር ቪዲዮ እየገፋሁ ራሴን ስይዘው ያ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል።

«ኢምፓየር ቪ» (2006) ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ ደስታ አለው። በሩሲያኛ «ያዚክ» ምላስም ቋንቋም ነው። እኛ «ልሳን» እንደምንለው፤ ያው የአፍ ሥጋ፣ ያው የሕዝብ ቋንቋ። በመጽሐፉ ቫምፓየሮች ውስጥ «ልሳን» የሚባል ጥንታዊ ፍጡር ገብቶ ይኖራል፤ ልጁ የሚለወጠው ልሳኑ ሲገባበት ነው። ሰዎች ደግሞ «አእምሮ ለ» እንደማለት የሚጠራ ሁለተኛ አእምሮ አላቸው። የተሠራው ከቃላት ነው። ሳያቋርጥ ያወራል፣ ይመኛል፣ ይሰጋል፤ ከዚያ ወሬ የሚታለበውን ቫምፓየሮቹ ይጠጡታል። ቫምፓየሩ ልጅ የሚማራቸው ሁለት ዋና ትምህርቶች «ግላመር» (ብልጭልጭ እንደማለት) እና «ዲስኩር» ይባላሉ። ዲስኩርን እኛም እናውቀዋለን። ቋንቋ እኔን ይናገራል ወይስ እኔ ቋንቋን እናገራለሁ የሚለውን የከበደ ጥያቄ እንደ ተረት አድርጎ የነገረበት መጽሐፍ ነው።

ሁሉም የፔሌቪን መጻሕፍት እኩል አይደሉም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ያወጣል፤ አንዳንዱ በጥድፊያ የተጻፈ ነው።

«ኪስ» ምን ማለት ነው? ታቲያና ቶልስታያ ምን ልትል ነው?

የልብስ ኪስ አይደለም፤ «ኪስ» በሩሲያኛ ትርጉም የሌለው የተፈጠረ ቃል ነው። ሰሜን ጫካ ውስጥ አለች የምትባል የማትታይ ፍጡር ናት፤ አንገት ላይ ተከምራ ጅማት ትበጥሳለች፣ ሰውዬውም አእምሮውን ያጣል። ቶልስታያ መጽሐፉን የጀመረችው በ1986፣ በቼርኖቢል ዓመት ነው። የታተመው በ2000።

ታላቅ ፍንዳታ ደርሶ ሞስኮ መንደር ሆናለች። ሰዎች አይጥ ይበላሉ፣ በአይጥ ይገበያያሉ። ከፍንዳታው በፊት የነበሩ ጥቂት ሰዎች የድሮ ቃላትን ያስታውሳሉ፤ ሌላው ቃሉን ሰምቶ ነገሩን አያውቅም። «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ምሁር»፣ «ሥነ ምግባር» የሚሉት ቃላት ተጣመው፣ በስህተት ፊደል፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ምዕራፎቹ የሚጠሩት በጥንታዊው የስላቭ ፊደላት ስም ነው። መዝሙረ ዳዊትን የደገመ ሰው «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» እየተባለ የሚሄደውን ረጅሙን መዝሙር ያስታውሳል፤ የዚያን ዓይነት ክብደት አለው።

ቤኔዲክት የሚባለው ዋና ገጸ ባሕርይ መጽሐፍ ገልባጭ ነው። በኋላ የአማቱን ቤተ መጻሕፍት ያገኝና ሁሉንም ያነባል። ሁሉንም! ከዚያ ይደረድራቸዋል። በርዕሳቸው የቀለም ስም ያለባቸውን አንድ ላይ፣ የደራሲው ስም ዳቦ ዳቦ የሚሸተውን አንድ ላይ። እዚህ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ቋንቋ አለው፣ ንባብ አለው፣ ፍቅርም አለው፤ ግን ቃሉ ውስጡ ገብቶ ምንም አላነቃም። በመጨረሻ ለመጽሐፍ ብሎ ሰው የሚያጠፋ ሰው ይሆናል። ማንበብ በራሱ ሰው አያደርግም የሚለውን እንዲህ በጭካኔ የነገረኝ ሌላ መጽሐፍ የለም። ያውም ከቶልስቶይ ቤተሰብ የወጣች ደራሲ!

ሳሻ ሶኮሎቭ የ1970ዎቹ ሰው ነው። ለምን ከነዚህ ጋር ይጠራል?

ምክንያቱም መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። «የሞኞች ትምህርት ቤት»ን በ1973 ጽፎ ጨረሰ፤ ያን ጊዜ ቮልጋ ዳር የአደን ጠባቂ ነበር። በ1976 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አርዲስ የሚባል ትንሽ ማተሚያ ቤት አወጣው። ናቦኮቭ እንኳ አመስግኖታል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ የሚያመሰግን ሰው አልነበረም።

ተራኪው የልዩ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። በውስጡ ሁለት ሆኖ ይነጋገራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይታረቃል። ጊዜ ለሱ በቀጥታ አይሄድም፤ የሞተው የጂኦግራፊ መምህሩ መጥቶ ያወራዋል። መምህሩ አንዴ ጳውሎስ፣ አንዴ ሳውል ነው። የሚወዳት አስተማሪ ቬታ ትባላለች። «ቬትካ» በሩሲያኛ የዛፍ ቅርንጫፍም የባቡር መስመር ቅርንጫፍም ነው። ስለዚህ ልጁ ስለሷ ሲያስብ ዛፉ ያብባል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ያለ ነጥብ፣ ገጽ ሙሉ። ሐኪሞቹ በሽታ ይሉታል። እኔ ግን ከዚህ ልጅ የበለጠ ነፃ ንቃተ ኅሊና በሩሲያ ልብ ወለድ ውስጥ አላውቅም። ሌሎቹ መፈክሩን ሲያፈርሱ እሱ መፈክሩ ያልደረሰበት ቦታ አለ።

ስለ ስደተኛ ቃለ መጠይቅ የሚያወራው መጽሐፍ የቱ ነው?

የሚኻይል ሺሽኪን «የቬኑስ ፀጉር» ነው፤ 2005። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ሺሽኪን በ1961 ሞስኮ ተወለደ፤ ከ1995 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ይኖራል። እዚያ ለጥገኝነት ጠያቂዎች አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል። የመጽሐፉ ዋና ሰውም ስሙ የማይጠራ አስተርጓሚ ነው። ከፈረሰችው ሶቪየት የመጡ ሰዎች ይቀርባሉ፤ ጥያቄ፣ መልስ፣ ጥያቄ፣ መልስ። መጀመሪያ የቢሮ ቋንቋ ነው። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ለምን መጣህ። ቀስ እያለ ጥያቄው ይረዝማል፣ መልሱ ይረዝማል፣ ማን እንደሚጠይቅና ማን እንደሚመልስ ይጠፋል፤ የጥንት ግሪክ ወታደሮች ጉዞ ይገባበታል፣ የአንዲት ዘፋኝ ማስታወሻ ይገባበታል። ፊታችን የተቀመጠው ሰው የነገረን ታሪክ የሱ ላይሆን ይችላል። ታሪኩ ግን በአንድ ሰው ላይ ደርሷል። ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚድነው በተነገረው ቃል ነው የሚል እምነት አለ መጽሐፉ ውስጥ።

እኔም ለጥቂት ዓመታት በአማርኛ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አስተርጉሜያለሁ። አንዲት እናት «ሆዴ ተላወሰ» ትላለች። ምን ብዬ ልተርጉመው? የሆድ ሕመም ካልኩ ሐኪም ይጠራሉ። አዘነች ካልኩ ምንም አልተናገረችም። መዝገብ ጸሐፊው እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። በዚያች ቅጽበት የሷ ንቃተ ኅሊና በእኔ አፍ ውስጥ ነው። ልክ ካልሆንኩ የሷ ሕይወት ነው የሚበላሸው። የሷን ታሪክ በ«እኔ» ስተርከው ስለዋልኩ ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን «እኔ» ለማግኘት ጊዜ ይወስድብኝ ነበር። አረብ አገርም፣ አውሮፓም፣ እስራኤልም ያላችሁ ለዘመድ ያስተረጎማችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። «የቬኑስ ፀጉር» ስለዚያ ማታ ነው የተጻፈው ብዬ ነው የማነበው።

«ላውር»ስ ከነዚህ ይቆጠራል?

ይከራከሩበታል። ዬቭጌኒ ቮዶላዝኪን የመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ተመራማሪ ነው፤ መጽሐፉ በ2012 ወጣ። በ15ኛው መቶ ዘመን የሚኖር ፈዋሽ ታሪክ ነው፤ ሰውዬው በሕይወቱ አራት ስም ይይዛል። ጥንታዊው ሩሲያኛና የዛሬው የቢሮ ቋንቋ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይቀላቀላሉ። በረዶ ሲቀልጥ ጫካው ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይታያል። በግዕዝና በአማርኛ መካከል ያደገ አንባቢ ይህ አይከብደውም። ቅዳሴው ውስጥ ቆሞ የስልኩን ድምፅ የሰማ ሰው ሁለት ዘመን በአንድ ጆሮ መስማት ያውቅበታል።

አሁን ሩሲያ ውስጥ እነዚህ መጻሕፍት ይነበባሉ?

የፔሌቪን በሰፊው ይሸጣል። ሶሮኪን ከ2022 ወዲህ የሚኖረው በርሊን ነው፤ «ቅርስ» የሚለው ልብ ወለዱ በ2024 ሩሲያ ውስጥ ከሽያጭ ተነሳ። ሺሽኪን በ2013 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ የመጻሕፍት አውደ ርእይ አገሩን አልወክልም ብሎ በይፋ ጽፏል።

በ2006 የወጣውን የሶሮኪንን «የኦፕሪችኒኩ ቀን» ዛሬ የሚያነብ ሰው ይከብደዋል። ታሪኩ በ2028 አካባቢ ነው። ሩሲያ በግንብ ታጥራለች፣ ንጉሥ አላት፣ ኦፕሪችኒክ የሚባሉት የኢቫን አስፈሪው ዘመን ገዳዮች ተመልሰዋል። ተራኪው ኮሚያጋ ከነዚህ አንዱ ነው። ሞባይል ስልክ ይዞ በ16ኛው መቶ ዘመን ቋንቋ ይናገራል። መርሰዲሱን የሚጠራው «ሜሪን» ብሎ ነው፤ የተኮላሸ ፈረስ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲገድልና ሲዘርፍ ይውላል፤ በውስጡ አንድም ጊዜ «እኔ ምን እያደረግኩ ነው?» የሚል ድምፅ አንሰማም። የተሰጠው ቋንቋ ውስጥ ያ ጥያቄ የለም።

ሩሲያኛ ሳላውቅ ባነብ ዋጋ አለው?

አለው። የቃላት ጨዋታው ግማሹ ይቀራል፣ እሱን አልደብቃችሁም። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ ግን ጎበዞች ናቸው። ብዙውን የፔሌቪን ሥራ አንድሩ ብሮምፊልድ፣ «ኪስ»ንና «የኦፕሪችኒኩን ቀን» ጄሚ ጋምብሬል፣ «የቬኑስ ፀጉር»ን ማሪያን ሽዋርትዝ ተርጉመዋቸዋል። አባት ወይም አጎት በኪየቭም በሞስኮም ተምሮ የመጣ ካላችሁ ደግሞ አጠገቡ ተቀመጡና ጥቂት ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። «ወረፋ» ለዚህ በጣም ይመቻል፤ ሁሉም ንግግር ነው።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ።

ለሆዱ ለሚፈራ፣ «ኪስ»። ፍልስፍና ለሚወድ፣ «ቻፓዬቭና ባዶነት»። ጊዜ ለሌለው፣ «ወረፋ»፣ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እኔ የምይዘው «የሞኞች ትምህርት ቤት»ን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ማን እንደሚናገር ለማወቅ ሳትታገሉ፣ ድምፁን ብቻ እየሰማችሁ እለፏቸው። በኋላ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል።